መንግሥት «ነፃ የደህንነት ምክር ፕሮግራም» ግቡ አለን፤ ልግባ ወይስ በራሴ ላይ ቅጣት ልጥራ?

ባለወርክሾፑ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ትንሽ የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፕ አለኝ፣ 14 ሠራተኞች ይሠሩበታል። መሰንጠቂያ ማሽኑ፣ ግራይንደሩ፣ ብየዳው፣ ቀለም መርጫው፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ስር ነው። ሰሞኑን ከሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። መንግሥት የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት ለማሻሻል ፕሮግራም ጀምሯል፣ በፈቃደኝነት ተመዝገቡ ይላል። ባለሙያ በነፃ መጥቶ ያያል፣ ጉድለቱን በጽሑፍ ይሰጣችኋል፣ ሠራተኞቻችሁን ያሠለጥናል፣ መጨረሻ ላይ የምስክር ወረቀት አለው። ሲነበብ ያምራል። በሙያው ያሉ ጓደኞቼ ግን «በገዛ እጅህ በር ከፍተህ ቅጣት ልትጠራ ነው» እያሉ ያስፈራሩኛል። እውነት ነው? ከመግባቴ በፊት ምን ልጠይቅ? ባልገባስ ምን ይቀርብኛል?

ሴፍቲ ኦፊሰሩ
ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር አጣራ። የሚመጣው ሰው አማካሪ ነው ወይስ ተቆጣጣሪ? ሁለቱ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢቀመጡም ሥራቸው ለየብቻ ነው። አሜሪካን ብትወስድ፣ ኦሻ የሚባለው የደህንነት መሥሪያ ቤት ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ነፃ የምክር ጉብኝት አለው። የታየው ነገር በምስጢር ይያዛል፣ አማካሪዎቹም ከሚቀጣው ክፍል የተለዩ ናቸው። ጉድለት ቢያገኙ ቅጣት አይጽፉም። ግን ግዴታ አለብህ። ከባድ አደጋ የሚያደርስ ነገር ከተገኘ በተስማማችሁበት ቀን ታስተካክላለህ። እምቢ ካልክ ጉዳዩ ወደ ቁጥጥሩ ክፍል ሊሄድ ይችላል።

ያንተ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ይሠራ አይሠራ ደብዳቤው ላይ ካልተጻፈ ጠይቃቸው፣ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ። ሪፖርቱን ማን ያየዋል? ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይሰጠኛል? በመሃል ብወጣ ምን ይከተላል? እነዚህን ለመመለስ ከተንተባተቡ አትቸኩል።

ጡረተኛው ተቆጣጣሪ
እኔ በሌላኛው በኩል ነበርኩ፣ ጓደኞችህ የሚፈሩትን በደንብ አውቀዋለሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ተቆጣጣሪም ቢሆን ሥራው መቅጣት ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጣው የሥራ ቁጥጥር ስምምነት (ቁጥር 81) ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ሙያዊ ምክር መስጠትን ከተቆጣጣሪው ተግባራት መሀል ያስቀምጠዋል። ክስ ከመመሥረት ይልቅ ማስጠንቀቅ ወይም መምከር ይሻላል ብሎ ካመነም ያንን የመምረጥ ሥልጣን አለው። ሥራው ላይ ሳለሁ አንድ ቦታ ገብቼ መከለያ የሌለው መጋዝ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄን አውቃችሁታል ወይ?» ነበር። ችግሩን ለይቶ፣ ቀን ቆርጦ፣ መከለያውን ያዘዘበትን ደረሰኝ የሚያሳየኝ ባለቤትና «ሃያ ዓመት ስንሠራ ምንም አልሆንንም» የሚለኝ ባለቤት በእኔ ዘንድ እኩል አልነበሩም።

«ባልገባስ» ላልከው፣ ፕሮግራሙ በፈቃደኝነት ነው እንጂ ሕጉ በፈቃደኝነት አይደለም። ተቆጣጣሪ ባልተመዘገበም ቤት ይመጣል። አደጋ ከደረሰ ደግሞ በማግስቱ ይመጣል።

ላሜራ
እኔ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ውስጥ ገብቻለሁ፣ የማንን አልናገርም። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ፕሮጀክተር ማየት ነበር፣ ከዚያ ፎቶ ተነሳን፣ ከዚያ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ማሽኖቹ እንደነበሩ ናቸው። ስለዚህ «ነፃ» ስለተባለ ብቻ አትደሰት። ባለሙያው ማሽንህ ጋ ቆሞ ሥራ ሲሠራ ያያል ወይስ ቢሮህ ውስጥ ቡና ጠጥቶ ይሄዳል? እሱን ጠይቅ።

ጥሩዎቹም አሉ ግን። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ለትንንሽ ድርጅቶች ያዘጋጀው ዋይዝ የሚባል የሥልጠና ዘዴ አለ። ባለቤቶቹ ራሳቸው የማረጋገጫ ቅጽ ይዘው አንዱ የሌላውን ወርክሾፕ ዞረው ያያሉ። ትኩረቱ ብዙ ገንዘብ በማይጠይቅ ማሻሻያ ላይ ነው፦ መተላለፊያ ማጽዳት፣ ከባድ ዕቃ ወገብ ቁመት ላይ ማስቀመጥ፣ ብርሃን ማስተካከል፣ ማሽን ላይ መከለያ መግጠም። የሚወደድለት ምክንያት ሥራውም ስለሚፈጥን ነው። ዕቃ ፍለጋ ሲዞር የሚውል ሠራተኛ ይቀንሳል።

በያጇ
እስካሁን የጻፋችሁት ሁሉ የባለቤት ነገር ነው። እኔ ተቀጥሬ የምበይድ ሰው ነኝ፣ ከእኛ በኩልም ስሙ። ባለሙያው ሲመጣ ሠራተኛውን ለብቻው ያናግራል ወይ? አለቃው አጠገብ ቆሞ «ችግር አለባችሁ?» ቢባል ማን ነው የሚናገረው? ደግሞ እባክህ ያንን «ያለ አደጋ ይህን ያህል ቀን» የሚል ሰሌዳ እንዳትሰቅል። ቀድሞ የሠራሁበት ቤት ሰሌዳው ዜሮ ካላሳየ ጉርሻ የለም ይባል ነበር። ውጤቱ አደጋ መቅረት ሳይሆን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ዝም የሚል ሰው መብዛት ነው። ትንሹ ጉዳት ሲደበቅ ትልቁ ከየት እንደሚመጣ አታውቅም።

ጓንትና ማስክ ከደሞዛችን የሚቆርጡም አሉ። ይሄ ልክ ነው እንዴ?

ጡረተኛው ተቆጣጣሪ
እህቴ፣ ልክ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት (ቁጥር 155) የደህንነት እርምጃ ሠራተኛውን ምንም ወጪ ሊያስወጣው አይገባም ይላል። ሕይወቱን ወይም ጤናውን የሚጎዳ ከባድና የቀረበ አደጋ እንዳለ በበቂ ምክንያት አምኖ ከሥራው ዞር ያለ ሠራተኛም አላግባብ እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል። ቅድም በጠቀስኩት ቁጥር 81 ደግሞ ተቆጣጣሪው የአቤቱታ አቅራቢውን ማንነት በፍጹም ምስጢር መያዝ አለበት፣ የመጣሁት አቤቱታ ስለደረሰኝ ነው ብሎም ለአሠሪው መናገር አይችልም። ስምምነት ያላጸደቀ አገር በዝርዝሩ አይታሰርም፣ እሱ እውነት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2022 ድርጅቱ ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አስገብቶታል። ከዚያ ወዲህ አባል አገር ሁሉ፣ አጸደቀም አላጸደቀም፣ መርሁን የማክበርና የማስፋፋት ኃላፊነት አለበት።

ባለወርክሾፑ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጣችሁ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። በያጇ፣ ለብቻ የማናገሩን ነገር እኔ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ። አሁን ሌላ ጥያቄ። ባለሙያው እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? ገንዘቤ ውስን ነው። ለሁሉም ሠራተኛ ማስክና የጆሮ መከላከያ ልግዛ ብዬ ነበር፣ ከዚያ ልጀምር?

ሴፍቲ ኦፊሰሩ
ማስክ የመጨረሻው ነው፣ አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። ቅደም ተከተሉ፦ አደገኛውን ነገር ማስቀረት ይቻላል? ካልሆነ ቀለል ባለ መተካት? ካልሆነ በመከለያ፣ በማራገቢያ፣ በመምጠጫ ከሰው መለየት? ከዚያ የአሠራር ደንብና ፈረቃ። እነዚህ ሁሉ አልበቃ ሲሉ ነው ሰውየው ላይ የሚለበስ ነገር የሚመጣው። ያንተን ወርክሾፕ ሳስበው መጀመሪያ የምነካው ቀለም መርጫውን ነው። ተቀጣጣይ ትነት ከብየዳ ብልጭታ ጋር አንድ ጣሪያ ስር መሆኑ ያስፈራል። ለይተህ አውጣው፣ እስኪወጣም ሁለቱ በአንድ ሰዓት አይሠሩ።

የእንጨት አቧራውን በኮምፕረሰር አየር አታስነፋ፣ ምጠጠው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራንም የብየዳ ጭስንም ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ ውስጥ ነው ያስቀመጣቸው፣ ተራ የጨርቅ ማስክ ደግሞ የብየዳ ጭስ አያስቆምም። ለድምፅ ቀላል መለኪያ ልስጥህ። አንድ ሜትር ላይ ካለ ሰው ጋር ለመግባባት መጮህ ካለብህ ድምፁ 85 ዴሲቤል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቀኑን ሙሉ በዚያ ውስጥ የዋለ ጆሮ ቀስ በቀስ ይጎዳል፣ የጠፋ መስማትም አይመለስም። ትክክለኛውን ልኬት አማካሪው መለኪያ ይዞ ሲመጣ ውሰድ፣ በነፃ የምታገኘው አንዱ ትልቅ ነገር እሱ ነው።

ላሜራ
የምስክር ወረቀቱን ስናቃልለው አንድ ነገር ልጨምር፣ ቅድም ተናድጄ ነው። አንዳንድ ቦታ ወረቀቱ ሥራ ያመጣል። ሲንጋፖር ቢዝሴፍ የሚባል ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ፕሮግራም አላት። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሥልጠናውን የሚወስደው የድርጅቱ ከፍተኛ ኃላፊ ራሱ ነው፣ ይሄ በጣም ይመቸኛል። ጨረታ ላይ ደረጃውን የሚጠይቁ አሠሪዎችም አሉ። አንተም መሥሪያ ቤቱን «ይህ ወረቀት ጨረታ ላይ ወይም የአደጋ መድን ክፍያ ላይ ይጠቅመኛል?» ብለህ ጠይቅ።

ባለወርክሾፑ (ጠያቂ)
እሺ፣ ጥያቄዎቹን በደብዳቤ ልኬ መልሱ ደህና ከሆነ እመዘገባለሁ። ቀለሙን ወደ ጓሮው መጋዘን ማውጣት ይቻላል፣ አየር አለው። የመጋዙን መከለያ ግን እኛው ልንሠራው አስበናል። ከመጋዙ ኋላ የሚቆመው፣ የተሰነጠቀው እንጨት እንዳይገጥም የሚይዘው ምላሱ ብረት ምን ያህል ይራቅ?

ላሜራ
ጠረጴዛው ልክ ላይ ሲለካ ከመጋዙ ጥርስ ከ8 ሚሊሜትር በላይ አይራቅ። ውፍረቱ ከመጋዙ ገላ በለጥ ይበል፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ግን ይነስ። አለዚያ ወይ የተሰነጠቀው እንጨት ገጥሞ መጋዙን ይቆነጥጥና ወደ ሰውየው ይወረወራል፣ ወይ እንጨቱ ምላሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ላዩን የሚከልለውን ራሳችሁ ብትሠሩ ችግር የለውም፣ አማካሪው ሲመጣ አሳዩት። ምላሱን ግን ለማሽኑ የተሠራውን ፈልገህ ግዛ።