ከምንጫችን በላይ ወርቅ ሊቆፈር ነው፤ ከየት እንጀምር?

የምንጩ ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ያለችበት ቀበሌ 200 ገደማ አባወራ የሚጠጣው ከአንድ የለማ ምንጭ ነው። ሁለት ቦኖ አለን፣ ሌላ ውሃ የለም። ባለፈው ወር አንድ ኩባንያ መጥቶ ከምንጩ በላይ ተራራው ላይ ድንጋይ ሲለቅም፣ ችካል ሲተክል ሰነበተ። ወርቅ ነው ይላሉ። ሕዝቡን ሰብስቦ ያወያየ የለም። ቀበሌ ብንጠይቅ «ከበላይ የመጣ ነው» አሉን። ሥራ እናገኛለን ብለው የተደሰቱ ወጣቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ምን እናድርግ?

የላብራቶሪ ሰው
ወንድሜ፣ ማሽን ሳይገባ ውሃውን አስመርምሩ። ወርቅ ባለበት አካባቢ አርሴኒክ የሚባል መርዝ በተፈጥሮም ሊኖር ይችላል። የዛሬውን ካላስመዘገባችሁ ነገ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይሏችኋል፣ መልስም አይኖራችሁም። አርሴኒክ፣ ሜርኩሪ፣ እርሳስ (ሊድ) እና ሲያናይድ ብላችሁ በስም ጠይቁ። ኩባንያዎች ወርቁን ከድንጋዩ የሚለዩት አብዛኛውን ጊዜ ሲያናይድ በሚባል መርዛማ ኬሚካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የአርሴኒክ ጣሪያ በሊትር 0.01 ሚሊግራም፣ የሜርኩሪ 0.006 ነው። በሃይላንድ ቀድታችሁ እንዳትሄዱ! ለእነ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና እርሳስ እንዲሁም ለሲያናይድ የሚሆነው ዕቃ የተለያየ ነው፤ ከላብራቶሪው ውሰዱ። በበጋም በክረምትም ድገሙት።

የምንጩ ልጅ
እናቴ «አፍልቼ እጠጣለሁ» ትላለች። ውሃ አጋርም አለን።

የላብራቶሪ ሰው
እማማን አደራ፣ ንገርልኝ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ አርሴኒክን ግን አያወጣም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም የቀረው ላይ መጠኑ ይጨምራል። ውሃ አጋርም ክሎሪን ነው፣ እነ አርሴኒክ ላይ አይሠራም።

ጠበቃዋ
ሕጉ ከጎናችሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል። ለእናንተ ዋናው ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። አቤቱታ ለማቅረብ የግል ጥቅም ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ጉዳቱ ገና ያልደረሰ፣ ሊደርስ የሚችል ቢሆንም ይበቃል። ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አስገቡ። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጠ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ስለዚህ ቀኑ ወሳኝ ነው። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ማህተምና ቀን ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። በቃል የተነገረ ስሞታ የትም ሲደርስ አላየሁም። የኩባንያው ፈቃድ ወርቅ የመፈለግ (የምርመራ) ነው የማምረት? ቁፋሮው አካባቢውን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳየው የተፅዕኖ ግምገማ ጥናትስ የት አለ? ሁለቱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

ከሩቅ
ኤል ሳልቫዶርን ልጥቀስ። ሕዝቡ ለውሃው ብሎ ተነሳ፣ መንግሥት ለወርቅ ኩባንያው ፈቃድ ከለከለ። ኩባንያው በዓለም ባንክ ሥር ባለው የግልግል ችሎት ከሰሰ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ተረታ፣ 8 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንዲከፍልም ተወሰነበት። በ2017 አገሪቱ የብረታ ብረት ማዕድን ቁፋሮን በሙሉ አገደች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ናት። በ2024 መጨረሻ ግን ምክር ቤቱ ያንኑ ሕግ ሻረው። ያማል። ኮሚቴያችሁን አንድ ደብዳቤ ካስገባችሁ በኋላ እንዳትበትኑት።

የምንጩ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ለውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ደውያለሁ፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ስብሰባ አለ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። እኔ ቅዳሜ የናሙናውን ዕቃ ይዤ እወርዳለሁ። ናሙናውን ከላይኛው ጅረት የሚቀዱልን ከኩባንያው ሥራ የሚጠብቁት ወጣቶች ናቸው፣ ራሳቸው ጠየቁኝ። ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።