ለአዲሱ ዓመት ቀለል ያለ የሹራብ ዕቅድ ያላችሁ?

ግማሽ እጅጌ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ዐምና በዚህ ሰሞን “በዓመቱ አምስት ሹራብ እሠራለሁ” ብዬ ለቤተሰቡ ሁሉ ቃል ገባሁ። የደረስኩት የባለቤቴ ሹራብ ግራ እጅጌ ላይ ነው፤ እሱም ከክርን በታች የለውም። ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር አውጥቶ ያሳየዋል። ዘንድሮ የሚያስቅ እንጂ የሚያሳፍር ዕቅድ አልፈልግም። እናንተ ምን አሰባችሁ?

እማማ ዳንቴል፦ ልጄ፣ አምስት ሹራብ እኮ ዕቅድ ሳይሆን ዕዳ ነው። እኛ 13 ወር አለን አይደል? በየወሩ አንድ ትንሽ ነገር ያዢ፦ የሕፃን ኮፍያ፣ የቁልፍ ማንጠልጠያ፣ የጀበና ማቶት። ማቶቱን ግን በጥጥ ክር ሥሪው፤ ሰው ሠራሽ ክር የጋለ ጀበና ሲያርፍበት ይቀልጣል። ጳጉሜን ላይ አዲስ ነገር አትጀምሪ። እነዚያን ቀናት የተንጠለጠሉ የክር ጫፎችን በወፍራም መርፌ እየሸሸግሽ አሳልፊያቸው። በኪሮሽም ይሁን በሁለት መርፌ የሚሠራ ሰው፣ ጫፍ መሸሸግ የሚወድ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ልቃቂት ሰብሳቢ፦ የእኔ ዕቅድ አንድ መስመር ናት፦ ሁለት ልቃቂት ሳልጨርስ አንድ አልገዛም። ዐምናም ይህችው ነበረች፤ እስከ ጥቅምት ጸንቻለሁ። የተረፈሽ ክር ለምን እንደሚበቃ ለማወቅ በኩሽና ሚዛን መዝኚው። መለያው ላይ 50 ግራም፣ 100 ሜትር የሚል ከሆነና አሁን 20 ግራም ከቀረ፣ 40 ሜትር አለሽ። መለያውን አትጣይው፤ የቀለሙ ቁጥር ካልተመሳሰለ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይደበዝዛል።

የመንዝ ልጅ፦ አያቴ ለባና የሚሆነውን የበግ ፀጉር ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁት። ዘንድሮ ከዚያ ክር ኮፍያ ልሠራ ነው። ለአንገት ልብስ አይሆንም፣ ያሳክካል። ባለፈው የሠራሁትን የሱፍ ኮፍያ በሙቅ ውኃ አጥቤው ለአሻንጉሊት የሚበቃ ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ሁለተኛው ዕቅዴ፣ ከማንኛውም ልብስ በፊት 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ናሙና ሠርቶ፣ አጥቦ፣ መለካት። አሰልቺ ነው፤ ግን ሙሉ ሹራብ ከመተርተር ይሻላል።

ባቡር ላይ፦ ከስቶክሆልም ነኝ። የእኔ ዕቅድ ወደ ሥራ ስሄድ ብቻ መሥራት ነው። ያለቀው አለቀ፣ ያላለቀው ይሳፈራል።

ግማሽ እጅጌ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስከረም ማቶት፣ ጥቅምት ኮፍያ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከኅዳር ወዲያ ባዶ ትቼዋለሁ። እጅጌውን ልተርትረው ስል ግን ባለቤቴ እንቢ አለ። ምን ላድርገው?

እማማ ዳንቴል፦ ጠባቡን አፍ ስፊውና ለፔርሙስ አልብሽው። እንግዳ ሲመጣም ይታያል።