ጥቆማ፦ ለጎንደር ኮሌጅ ግቢ ዋይፋይ 2.4 ጊጋኸርዝ ይሻላል ወይስ 5?

ጠያቂ
ሰላም ወገኖች። ጎንደር ባለ አንድ የግል ኮሌጅ የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ወፍራም የድንጋይ ሕንፃ አለን። ከጀርባው ደግሞ አዲስ ባለ ሁለት ፎቅ የብሎኬት ሕንፃ አለ። መሀላቸው ባሕር ዛፍ የበዛበት ግቢ ነው። ዋይፋዩን እንደ አዲስ ልንዘረጋ ነው። አብዛኛው ተማሪ የያዘው ርካሽ ስልክ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ እናተኩር ወይስ 5 ላይ? 6ስ ያዋጣል? ዕቃውን ከየት እንግዛ? ማን ይዘርጋልን? በጀቱ ከመመለሱ በፊት መወሰን አለብኝና እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

የአራዳ ልጅ
አራዳ ሳትደርሱ በግራ በኩል ካለው ሱቅ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ። የቤቴን ራውተር የገዛሁት ከእሱ ነው። አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ ወንድሜ። የእኛ ግን የቤት አይደለም። አንዱ አዳራሽ ብቻ 120 ተማሪ ይይዛል።

የአራዳ ልጅ
እሱ ጋ የሌለ ዕቃ የለም። ሰውየው ሐቀኛ ነው።

ኬብል ሳቢው
እታለም፣ አንዱን መርጠሽ ሌላውን አትጣይ። አሁን ገበያ ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ዋይፋዩን የሚያሰራጨው መሣሪያ፣ በአብዛኛው ሁለቱንም ባንድ (የሞገድ ክልል) ይዞ ነው የሚመጣው። ቁም ነገሩ የትኛውን የት ትከፍቻለሽ ነው።

2.4 ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግድግዳም ይደፍራል። ግን ጠባብ ነው። ቻናሉ (ባንዱ የተከፋፈለበት መስመር) ብዙ ቢመስልም እርስ በርስ ሳይረባበሹ አብረው የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ፒያሳ ቆመሽ ስልክሽን ብትከፍቺ የየካፌውና የየሆቴሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ተደራርቦ ታገኚዋለሽ። ብሉቱዝም ማይክሮዌቭም እዚያው ሰፈር ናቸው። 120 ሰው ያለበትን አዳራሽ በ2.4 ብቻ አስተናግዳለሁ ማለት ዘበት ነው።

5 ሰፊ ነው፣ ድክመቱ ጉልበት ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ኃይል ቢለቁ፣ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ በእኩል ርቀት ከ5 የሚደርስሽ ሲግናል የ2.4ን ሩብ አይሞላም። በዚያ ላይ የድንጋይ ግድግዳ ጨምሪበት። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ሰቅለሽ ክፍል ውስጥ ይገባል ብለሽ አትጠብቂ። በድንጋዩ ሕንፃ መሣሪያው ክፍሉ ውስጥ ይሰቀል። በብሎኬቱ አንዱ ሁለት ክፍል ሊበቃ ይችላል፤ ግን ለክታችሁ ወስኑ።

የተቃጠለ ደንበኛ
ከመግዛትሽ በፊት የእኔን ስሚ። አዘዞ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ሥራውን ለአንድ ሱቅ ሰጠን። ስሙን አልጠራም። ገመዱ «ንጹሕ መዳብ ነው» ተብሎ ተሸጠልን። አክሰስ ፖይንቶቹ ግን ክፍሉ በተማሪ ሲሞላ ይጠፋሉ፣ ተመልሰው ይነሳሉ። ለወራት ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ አንዱን ሽቦ በቢላ ብፍቀው ውስጡ ነጭ ነው። አሉሚኒየም ነው፣ መዳቡ ከላይ የተቀባ ነው! ለዚህ ነው ብር የከፈልነው። ስንጠይቃቸው «ስዊቹ (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሣጥን) ነው ችግሩ» ብለው ሌላ ስዊች ሊሸጡልን ሞከሩ።

ማራኪ ሰፈር
እንዲህ ያለ ገመድ እኔም ደርሶኛል። ለአክሰስ ፖይንቱ በዚያው ገመድ ኤሌክትሪክ ስትልክ መንገድ ላይ ኃይሉ ይወርዳል። ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋው ለዚያ ነው። ከመግዛትህ በፊት ጫፉን ፋቅ። ካርቶኑንም በእጅህ መዝነው፣ አሉሚኒየሙ ይቀላል።

የአራዳ ልጅ
የእኔ ሰውዬ እንዲህ ዓይነት ገመድ አይሸጥም።

ፋሲል ደጅ
ወንድምዓለም፣ ስለ ባንድ ስንጠይቅ ሱቅ፣ ስለ ገመድ ስናወራ ሱቅ! ሰውየው 120 ተማሪም ያስተምርልን እንዴ?

የአራዳ ልጅ
ሳታውቀው አትናገር።

እናት ዓለም
ልጆቼ፣ 5 የምትሉት 5ጂ ነው? የእኔ ስልክ 4ጂ ነው፤ ሌላ ልግዛ?

ማራኪ ሰፈር
አይደለም እማዬ፣ አይግዙ። 5ጂ የስልክ መስመሩ ነው። ይህ የዋይፋይ ሞገድ ነው፣ አይገናኙም።

የቀበሌ 18
ዋናው የሚገባው የኢንተርኔት መስመር ነው። እሱ ቀጭን ከሆነ ባንድ ቢቀያየር ለውጥ የለውም። ስንት ሜጋ ነው ያላችሁ? ደግሞ ሁለቱን ሕንፃ በአየር እንዳታገናኙ። የክረምቱ ዝናብ ያጠፋባችኋል።

ኬብል ሳቢው
ዝናቡ 5ን ያን ያህል አይጎዳም። የሚጎዳው ውሃ የገባበት ኮኔክተርና የረጠበ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ዝናብ የሚፈራው 60 ጊጋኸርዝ ነው። ግቢው የራሳችሁ ከሆነ ግን በሕንፃዎቹ መሀል ፋይበር ቅበሩ። የመዳብ ገመድ አትዘርጉ፤ መብረቅ ሲመታ ሁለቱንም ወገን ይዞ ይሄዳል።

ስለ 6 ለጠየቅሽው፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 1200 ሜጋኸርዝ ከፈተች፤ አውሮፓ በቀጣዩ ዓመት የታችኛውን ክፍል ብቻ። ተማሪሽ የያዘው ርካሽ ስልክ ከሆነ አይቀበለውም፣ ብሩ ለገመድና ለተጨማሪ አክሰስ ፖይንት ይዋል። ከፈለግሽም ከመግዛትሽ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቂ። ሲስተሙ ላይ አገሩን ኢትዮጵያ ብለሽ ምረጪ። ከውጭ የመጣ ዕቃ በሌላ አገር ተሞልቶ ከሆነ እዚህ ያልተፈቀደ ቻናል ሊከፍት ይችላል።

ጠያቂ
በጣም ነው የማመሰግነው። ዩኒፋይ፣ ኦማዳ እና ማይክሮቲክ ለሚባሉት የዕቃ ዓይነቶች ዋጋ ተሰጥቶናል። ከዲኑ ጋር እንነጋገራለን።

የአራዳ ልጅ
ሦስቱም እሱ ጋ አሉ።

የተቃጠለ ደንበኛ
ኬብል ሳቢው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ገመዱን ከቀየርን በኋላም መጥፋቱ ቆመ እንጂ ፍጥነት የለም። ሰባቱም መሣሪያ ቻናል 6 ላይ ነው ያሉት፣ ኃይሉም እስከ ጥግ ተከፍቷል። 2.4ቱ ላይ የቻናሉ ስፋት 40 ሜጋኸርዝ ይላል።

ኬብል ሳቢው
አገኘኸው ወንድሜ። ሰባቱ እርስ በርስ ተራ እየጠበቁ ነው። አንዱ ሲያወራ ሌሎቹ ዝም ይላሉ። 2.4ን ወደ 20 አውርድ፣ 40 ሲሆን ጠባቡን ሰፈር ከግማሽ በላይ ይበላል። ከዚያ 1፣ 6 እና 11 አከፋፍላቸው፣ ጎረቤታሞች አንድ ቻናል አይያዙ። ከሰባቱ አራቱ ላይ 2.4ን ጨርሰህ ዝጋ። የቀሩትን ኃይል ዝቅ አድርግ። ስልኩ ደካማ ነው፣ አክሰስ ፖይንቱ ከሩቅ ቢጮህም የስልኩን መልስ አይሰማም።

5ን በ20 ጀምር። 36፣ 40፣ 44 እና 48ን አስቀድም። ከ52 እስከ 144 ያሉት ራዳር የሚጋራቸው ናቸው፤ መሣሪያው ራዳር ከሰማ ቻናሉን መልቀቅ ግዴታው ነው። ያኔ ተማሪው ይቋረጥበታል። አንተ ደግሞ አየር ማረፊያው አጠገብ ነህና እነሱን ከከፈትክ ሎጉን (መሣሪያው የሚይዘውን መዝገብ) ተከታተል። የዋይፋይ ስሙንም አታብዛ። ለመምህር፣ ለተማሪ፣ ለእንግዳ፣ ለቢሮ እያላችሁ ስድስት ስም ከከፈታችሁ እያንዳንዱ ራሱን በማስተዋወቅ ብቻ አየሩን ይሞላዋል። ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል።

የተቃጠለ ደንበኛ
አምስት ስም ነው ያለን። ነገ ጠዋት ተማሪ ሳይገባ እሞክረዋለሁ። ያንን የመዳብ ገመድ ግን ከየት ልግዛ? አንድ ካርቶን ይቀረኛል።

ማራኪ ሰፈር
ከየትም ግዛ፣ ቢላህን ይዘህ ሂድ። መፋቅ ከከለከለህ ሱቅ አትግዛ።