ለኔትወርክ አድሚን የቬንደር ሰርተፍኬት ሴኩሪቲ ያስተምራል?

ኬብል_ጎታቹ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ኔትወርክ አድሚን ሆኜ 3 ዓመት ሆነኝ፣ ሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ሰርተፍኬት) አለኝ። አሁን አለቃዬ ፋየርዎሉንም አንተ ያዘው አለኝና የሴኩሪቲ ሰርተፍኬት ልጨምር ወይ እያልኩ ነው። ለሲሲኤንኤው 300 ዶላሩን ለማግኘት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው፣ እሱም በ3 ዓመቱ ኤክስፓየር ያደርጋል። እውነቱን ንገሩኝ፣ ወረቀቱ ኔትወርኬን ይጠብቅልኛል?

የፎቁ_ልጅ፦ ወንድሜ የገጠመኝን ልንገርህ። አንድ ሰራተኛ ዋይፋይ ደከመብኝ ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ በላን ፖርቱ ግድግዳው ላይ ሰካው፣ ራውተሩ የራሱን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ማደል ጀመረ፣ ግማሹ ሰው ሲስተም አይከፍትለትም ግማሹ ደህና ነው፣ እኛ ሰርቨር ስንነካካ ዋልን። የአንዱን ፒሲ ጌትዌይ (ወደ ውጭ መውጫ አድራሻ) ሳየው 192.168.0.1 ይላል፣ የኛ አይደለም! ዲኤችሲፒ ስኑፒንግን (ካልተፈቀደ ፖርት አይፒ የሚያድልን የሚያግድ የስዊች ፊቸር) ለሲሲኤንኤ ባላጠናው ኖሮ መፍትሄው እዛው ስዊቹ ውስጥ እንዳለ አላውቅም ነበር። እስካሁን የሚቆጨኝ ግን ካለፍኩ ዓመት አልፎኝ አንድም ስዊች ላይ አላበራሁትም ነበር። ስታበራው ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን አፕሊንክ ፖርት ትረስት (የታመነ) ማድረግ እንዳትረሳ፣ አለበለዚያ ትክክለኛውንም ትዘጋዋለህ።

ሎግ_አንባቢ፦ እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ሲሲኤንኤ ላይ ሴኩሪቲ 15 ፐርሰንት ነው፣ ሲሲኤንኤ ሴኩሪቲ ለብቻው የነበረው ደግሞ በ2020 ቀርቷል። ፈተናው ፊቸሩ እንዴት እንደሚበራ ነው አጥብቆ የሚጠይቅህ፣ አጥቂ የሚገባው ደግሞ ሳይጠፋ በተረሳው ነገር ነው። በ2023 ኦክቶበር የሲስኮ አይኦኤስ ኤክስኢ (የራውተርና ስዊቾቹ ሲስተም) ዌብ ገጽ ላይ የተገኘው ክፍተት በአደገኛነት 10 ከ10 ነበር የተሰጠው፣ ያለ ፓስወርድ ከውጭ ሆኖ ፕሪቪሌጅ 15 (ሙሉ ስልጣን ያለው) አካውንት መፍጠር ይቻል ነበር፣ ፓች እስኪወጣ ሲስኮ ያለው ለኢንተርኔት በተጋለጡት ላይ ዌብ ገጹን የሚያስነሳውን ኤችቲቲፒ ሰርቨር አጥፉ ነው። ዳምፕ (ሾልኮ የወጣ የፈተና ጥያቄ) ሸምድዶ ያለፈ ልጅ ይሄን ከየት ያመጣዋል? ፋየርዎልህ ምንድነው ግን?

ኬብል_ጎታቹ፦ የፎርቲኔት ኩባንያ ፎርቲጌት። ስትሉኝ ገብቼ አየሁት፣ ከታች ኤኒ ቱ ኤኒ የሚል (ሁሉን ከየትም ወደየትም የሚያሳልፍ) ሩል አለ፣ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም፣ 4 ስዊች ላይ ደግሞ ቴልኔት (ሳይመሰጠር ከርቀት መግቢያ) ክፍት ነው። ሩሉን ላጥፋው?

ሎግ_አንባቢ፦ እንዳታጠፋው! መጀመሪያ ሎግ አብራበትና ወር ሙሉ እይ፣ ወር መጨረሻ ላይ ብቻ ሪፖርት የሚልክ ነገር ይኖራል። የሚያልፈውን እያየህ ከላዩ ጠባብ ጠባብ ሩል ጻፍ፣ የታችኛው ላይ ምንም ማለፍ ሲያቆም ዲሴብል ታደርገዋለህ። ፎርቲኔት በ2020 ኦንላይን ኮርሶቹን በነጻ ከፍቷል፣ ከዛ ጀምር፣ ለፈተና የሚከፈለው ይቆይህ። ቴልኔቱን ግን ዛሬ፣ ኤስኤስኤች (የተመሰጠረው መግቢያ) መስራቱን በሌላ መስኮት አረጋግጠህ ዝጋው።