ጥቆማ፦ በአዳማ የቤተሰብ ፎቶና ቪዲዮ በዲስክ ለማስቀመጥ ለምትፈልጉ

የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ምስሎችን ለልጆቻችሁ ለማቆየት ካሰባችሁ፣ ከፎቶ ቤትም ሆነ ከኮምፒውተር ቤት ይልቅ በዩኤስቢ የሚሰካ ራይተር (ዲስክ ላይ መጻፊያ መሣሪያ) ገዝታችሁ ቤታችሁ እንድትሠሩት እመክራለሁ።

ፎቶ ቤቶች ሥራቸው ፈጣን ነው፤ ሽፋኑንም ያሳምሩታል። ችግሩ ያለው የሙሽሮቹ ፎቶ ታትሞ በዲስኩ ፊት ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ነው። የአዳማ ሙቀት ሙጫውን ሲያላላው ወረቀቱ ከጠርዙ መነሳት ይጀምራል፤ ዲስኩም በማጫወቻው ውስጥ ሲሽከረከር ሚዛኑን ይስታል። በሲዲ ላይ ደግሞ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ መረጃው የተጻፈበት ንጣፍ ከላይ በኩል በስስ ቫርኒሽ ብቻ የተሸፈነ በመሆኑ፣ ወረቀቱን ለማንሳት የሚሞክር ሰው ንጣፉንም አብሮ ሊልጠው ይችላል። የዲቪዲ ንጣፍ ግን በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለሚገኝ ከዚህ አደጋ ይድናል። ስለዚህ ፎቶ ቤት የምታሠሩ ከሆነ በዲቪዲ ላይ፣ ያለ ተለጣፊ እንዲሠራላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ኮምፒውተር ቤቶች ለአንድ ጊዜ ሥራ ይበቃሉ፤ ሆኖም የቤተሰብ ፋይል በሰው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ እንዳይቀር፣ አጠገባቸው ሆናችሁ መጠፋቱን አረጋግጡ።

ወደ ዲስኩ ምርጫ ስንመጣ፣ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ መረጃው የሚጻፍበት ቀለም ግን በብርሃንና በሙቀት እየደበዘዘ ይሄዳል። 25 ጊጋባይት የሚይዘው ብሉ ሬይ፣ ኤልቲኤች (LTH) የሚል ካልተጻፈበት፣ እንዲህ ያለ ቀለም ስለሌለው ለማህደር ይበልጥ ይስማማል፤ የራሱን ራይተር ግን ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ ማቆያ ተብሎ የተሠራው ኤም-ዲስክም እንዲህ ያለ ቀለም ባለመኖሩ ይታወቃል፤ አምራቹ 1000 ዓመት ይቆያል ቢልም፣ የእኔ ምርጫ የሆነው ሙቀትን በመቋቋሙ ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2025 ባዶ ብሉ ሬይ ማምረት ስላቆመ፣ ዲስኩን መፈለግ እየከበደ እንደሚሄድ አስባችሁ የሚበቃችሁን ያህል ቀደም ብላችሁ ያዙ። እየተሰረዘ የሚጻፍበትን አርደብልዩ ለዚህ ሥራ አትግዙ።

ስትጽፉ መካከለኛ ፍጥነት ምረጡ፤ ሲያልቅም ፕሮግራሙ የተጻፈውን ከዋናው ፋይል ጋር እንዲያመሳክር «ቬሪፋይ» የሚለውን አብሩት። ይህን ያለፈ ሰው ዲስኩ ባዶ ወይም ጎዶሎ መሆኑን የሚያውቀው ስልኩ ከጠፋ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስሙንና ቀኑን በመሐሉ ግልጽ ቀለበት ላይ በውኃ ቀለም እስክሪብቶ ጻፉ።

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቁም ሣጥን አናት ላይ ወይም መኪና ውስጥ በፍጹም አታስቀምጡ፤ በጠንካራ ሽፋን አቁማችሁ ፀሐይ በማያገኘው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ አኑሩት። ሁለተኛውን ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ፤ ሁለቱንም በየዓመቱ እየከፈታችሁ እዩ፣ ማንበብ ሲያዘግም ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ አዲስ ዲስክ ገልብጡት።