ለሕዝብ ሚዲያ ከኪሳችን እንክፈል ወይስ አንክፈል?

ጉለሌ፦ እስቲ ዛሬ በዚህ እንከራከር። የሕዝብ ሚዲያ ያስፈልገናል የምንል ብዙ ነን፣ ክፈሉ ስንባል ግን ሁላችንም እንሸሻለን። እኔ እንክፈል ባይ ነኝ። ቴሌቪዥን ያለው ሰው ይክፈል የሚለው ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም፣ ድሮም ዓመታዊ ክፍያ ነበር። ኢቢሲ የመንግሥትን በጀትና የማስታወቂያ ድርጅቶችን ፊት እያየ እስከሠራ ድረስ እነሱን ማስቀየም ይፈራል። ወጪውን እያንዳንዱ ቤት ቢሸፍን ግን የሚፈራው እኛን ይሆናል።

የካዛንቺሱ፦ እኔ አልከፍልም። ምክንያቴን ልንገርህ። 1997 ላይ የምርጫ ክርክሩ በቀጥታ ሲተላለፍ ሰው ሥራውን ጥሎ ነበር የሚከታተለው፣ ተቃዋሚውና ገዥው ፓርቲ በዚያው በኢቲቪ ፊት ለፊት ተሟገቱ። ከምርጫው በኋላ በሩ ተዘጋ። ጣቢያው ያው ነው፣ ባጀቱም የሚመጣው ከዚያው ከመንግሥት ነው። የተለወጠው የባለሥልጣኑ ፍላጎት ብቻ ነው። ስለዚህ ችግሩ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው አይደለም። ማንም ያዋጣ ማን፣ ስልክ ደውሎ "ይሄን አታስተላልፍ" የሚል ሰው ካለ ልፋታችን ከንቱ ነው።

የጅማዋ፦ ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ ዜና ብቻ ነው። ማስታወቂያ የሚሄደው ሸማች ወዳለበት ነው። በአፋርኛ ወይም በሶማልኛ ፕሮግራም የሚሠራው ማን ነው? ገጠር ላለ ገበሬ ስለ ዘርና ስለ ዝናብ በሬዲዮ የሚነግረውስ? በዩቲዩብ ይታያል እንዳትሉኝ። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ እኛ ሰፈር የቀረልን ቴሌቪዥንና ወሬ ነበር። ቴሌቪዥኑን ሰው ስለማያምነው ወሬው አሸነፈ። ያን ጊዜ የምናምነው አንድ ጣቢያ ቢኖር ኖሮ ስንቱ እንቅልፍ አጥቶ ባላደረ። ለዚህ ብዬ እከፍላለሁ።

ከፍራንክፈርት፦ ከዚህ ሆኜ ልጨምር። ጀርመን ውስጥ ቴሌቪዥን ይኑርህ አይኑርህ እያንዳንዱ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል። ብዙ ሰው ያማርራል፣ እኔም አንዳንዴ ያንገበግበኛል። ግን አንድ ነገር አይቻለሁ። በፈረንጆቹ 2020 ማለቂያ ላይ ክፍያው ከ17.50 ወደ 18.36 ከፍ ይበል ሲባል አንድ ክልል አላጸድቅም አለ። በዓመቱ የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ገባና ክፍያው ከፍ ይበል ብሎ ወሰነ። ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያስፈልግ መርምሮ የሚያቀርብ ገለልተኛ ኮሚሽን አለ፣ ፖለቲከኛ ተናደድኩ ብሎ መቁረጥ አይችልም። እንግሊዝ ግን ክፍያውን የሚወስነው መንግሥት ስለሆነ በ2022 የቢቢሲን ክፍያ በዓመት 159 ፓውንድ ላይ ለሁለት ዓመት ቀጥ አድርጎ አቆመው። ሁለቱም አገር ሰው ይከፍላል፣ ልዩነቱ ገንዘቡን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ላይ ነው። ዶቸ ቬለ አማርኛን የምታዳምጡ ደግሞ ይህን እወቁ፤ እሱ የሚሠራው ከዚህ ከእኛ መዋጮ ሳይሆን ከፌደራል መንግሥቱ በጀት ነው።

የካዛንቺሱ፦ ወንድሜ፣ እነሱ መጀመሪያ ስላመኑ ነው የሚከፍሉት። ስዊዞች በፈረንጆቹ 2018 ክፍያው ይሰረዝ ወይ ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ሲጠየቁ 71.6 በመቶው አይሰረዝ አለ። ያኔ በዓመት 451 ፍራንክ ነበር የሚከፍሉት፣ ቀላል ገንዘብ አይደለም። እኛ ብንጠየቅ ስንት እጅ የሚወጣ ይመስልሃል?

ከፍራንክፈርት፦ ጀርመኖች እኮ ሲጀምሩ አምነው አልነበረም። ናዚ ሬዲዮውን እንዴት እንደተጫወተበት ያየ ሕዝብ ምን እምነት ይኖረዋል? ከጦርነቱ በኋላ ምዕራባውያኑ አሸናፊዎች ጣቢያዎቹን መንግሥት እንዳይዛቸው አድርገው አዋቀሯቸው። እምነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ በዓመታት።

ጉለሌ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ሕጉ እኛም ጋ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ሚዲያ የተለያዩ ሐሳቦችን ማስተናገድ በሚችልበት አኳኋን ይመራ ይላል። ኢቢሲም ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው።

የጅማዋ፦ ምክር ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ ካላየን የቱ ተጠሪነት ነው? በ2007 ምርጫ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ነበር። ዛሬም አብዛኛው የአንድ ፓርቲ ነው። ለምክር ቤት ተጠሪ ነው ማለት በተግባር ለገዥው ፓርቲ ተጠሪ ነው ማለት ሆኗል። መነካት ያለበት እዚህ ጋ ነው። ቦርዱ ውስጥ ጋዜጠኞች፣ መምህራን፣ የእምነት ተቋማት፣ የገበሬ ማኅበራት ይግቡ፣ ፓርቲዎች ሰው ቢመድቡ እንኳ አብላጫ አይኑራቸው። ይህ ሳይሆን ክፍያ ቢመጣ እኔም ከካዛንቺሱ ጎን ነኝ፣ ቅድም እከፍላለሁ ያልኩት በዚህ ልክ ነው።

የካዛንቺሱ፦ እንዲህ ከሆነ እንግባባለን እህቴ። ፓርቲ የማያዘው ቦርድ ይቅደም። በየሳምንቱ ሚኒስትርና ተቃዋሚ በቀጥታ ስርጭት የሚጠየቁበት ሰዓት ይኑር፣ ተቀርጾና ተቆርጦ የሚተላለፍ አይደለም። ሒሳቡ በይፋ ይውጣ፣ ለጋዜጠኛ ስንት፣ ለበዓል ድግስ ስንት። አንድ ዓመት እንዲህ ሲሠራ ካየሁ ከመብራት ቢል ላይ ይቁረጡት፣ ቃል አልተነፍስም።

ጉለሌ፦ ያንን አንድ ዓመት ታዲያ በምን ገንዘብ ይሥራ?

የካዛንቺሱ፦ አሁን በያዘው በጀት። ከግብራችን የሚከፈል አይደል እንዴ?