በአየር ሲሊንደር ሲጠለቅ ትንፋሽ መያዝ ለምን ተከለከለ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። ከልጅነቴ ጀምሮ ዋና እችላለሁ፤ ውኃ ውስጥ የምቆየውም ትንፋሼን ይዤ ነው። አሁን በአየር ሲሊንደር መጥለቅን ልማር ብዬ ስመዘገብ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ደግሞ ትንፋሽ መያዝ አየር የሚቆጥብ ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን ብታስረዱኝ፣ እንዲሁም ከመጥለቅ በኋላ በስንት ሰዓት አውሮፕላን መሳፈር እንደሚቻል ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1

ልዩነቱ አየሩ የተሳበበት ቦታ ነው። እርስዎ እስከ ዛሬ አየር የሳቡት ከውኃው በላይ ስለሆነ፣ ሲወርዱ ይጨመቃል፣ ሲወጡም ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ሬጉሌተር (ከሲሊንደሩ አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ) ግን አየሩን የሚሰጠው በዙሪያዎ ካለው የውኃ ግፊት ጋር አስተካክሎ ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር (ከውኃው በላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል በሚባል መጠን) ያህል ስለሚጨምር፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ሳንባዎን የሞላው አየር፣ ትንፋሽዎን ይዘው ወደ ላይ ቢወጡ እጥፍ ለመሆን ይገፋል። ያን ጊዜ ሳንባ ሊቀደድ፣ የአየር አረፋም ወደ ደም ሥር ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ጥልቀት የሌለውን ውኃ አይናቁት፤ ከ40 ወደ 30 ሜትር ሲወጡ አየሩ የሚሰፋው በሩብ ብቻ ሲሆን፣ በመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች ግን እጥፍ ይሆናል።

ስለ ቁጠባው፦ በ200 ባር የተሞላ ባለ12 ሊትር ሲሊንደር 2,400 ሊትር ያህል አየር ይይዛል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው ከውኃው በላይ 120 ደቂቃ ይጠቀምበታል፤ በ30 ሜትር ጥልቀት ግን 30 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ባዶ ይሆናል። የሚቆጥበው ዝግ ያለና ሙሉ አተነፋፈስ ነው።

መልስ 2

ስለ አውሮፕላኑ ልመልስ። በሲሊንደሩ ያለው ብዙ ሰው እንደሚለው ኦክስጅን ብቻ ሳይሆን ተራ አየር ነው፤ አብዛኛው ክፍሉም ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅኑ በግፊት ሥር በደምና በሰውነት ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ከቀነሰ አረፋ ይሠራል። በደቂቃ ከ9 ሜትር ያልበለጠ ፍጥነት ይዞ መውጣት፣ በ5 ሜትር ጥልቀት ላይም 3 ደቂቃ መቆየት የሚመከረው ለዚህ ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከምድር ስለሚያንስ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። እኔ ሁልጊዜ 24 ሰዓት እጠብቃለሁ።

መልስ 3

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውኃ ከወጣሁ በኋላ ክርኔን ሲያመኝ፣ ሲሊንደር የተሸከምኩበት ድካም ነው ብዬ እስከ ማታ ለማንም ሳልናገር ቆየሁ፤ ጣቶቼ መደንዘዝ ሲጀምሩ ነው ሐኪም ዘንድ የሄድኩት። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም ከልክ ያለፈ ድካም ከላይ የተጠቀሰው የናይትሮጅን አረፋ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ከተሰማዎት ወዲያውኑ ለአሠልጣኝዎ ይናገሩ። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ ነው፤ ዋናው ሕክምና የሚሰጠውም ግፊቱ ከፍ በሚደረግበት የሕክምና ክፍል ውስጥ ነው። ሕመሙን ለማስታገስ ብለው ተመልሰው ወደ ውኃ እንዳይገቡ አደራ እላለሁ።